ፋየርዎሉ ተገዝቷል፤ ማን ያድሰዋል?

ካዛንቺስን ከሁለት ዓመት በፊት የሚያውቃት ሰው ዛሬ ቢመጣ መንገድ መጠየቁ አይቀርም። በ2017 መጀመሪያ አሮጌዎቹ ቤቶች ፈርሰው ብዙው ነዋሪ ወደ ገላን ጉራ ከሄደ ወዲህ መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛው መሄጃ ተነጥፏል፣ የሕንፃዎቹ ፊት ታድሷል። በነዚህ ሕንፃዎች ውስጥ ግን የኮሪደር ልማት የማይደርስበት አንድ አጥር አለ። ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ ወይም ከደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል፣ በብረት ራክ ላይ ተሰክቶ፣ አረንጓዴ መብራቱን ብልጭ ድርግም የሚያደርግ ሣጥን ነው። ብዙ ጊዜ ከጫማ ካርቶን አይበልጥም። ፋየርዎል ይባላል።

ሥራው የግቢ ዘበኛ ሥራ ነው። ከኢንተርኔት የሚመጣውን እየጠየቀ ያስገባል፣ የማያውቀውን ይመልሳል። ሆቴል ስትገቡ ኮፒ የተደረገው መታወቂያችሁ፣ የመሥሪያ ቤታችሁ የደመወዝ ዝርዝር፣ የተማራችሁበት ኮሌጅ የውጤት መዝገብ፣ ክሊኒክ የሰጣችሁት የደም ምርመራ፣ ሁሉም ያለው ከዚህ ዘበኛ ጀርባ ነው። እስቲ ቂርቆስ ክፍለ ከተማን አስቡት። ከመስቀል አደባባይ ተነስታችሁ በአፍሪካ አዳራሽና በኢኮኖሚክ ኮሚሽኑ በኩል ወደ ካዛንቺስ ብትወጡ፣ በአንድ የእግር መንገድ ላይ ባንኩ፣ ሆቴሉ፣ የዓለም አቀፍ ድርጅት ቢሮው፣ ኤጀንሲው፣ ክሊኒኩ ተደርድሯል። ሀገሪቱ ውስጥ ይህን ያህል ምስጢር በዚህ ጠባብ መሬት ላይ የተከማቸበት ሌላ ሰፈር ማግኘት ይከብዳል።

ችግሩ ዘበኛው ራሱ ኮምፒውተር መሆኑ ነው። በውስጡ ፈርምዌር የሚባል ፕሮግራም አለ፤ የሣጥኑ አንጎል በሉት። ሰው የጻፈው ፕሮግራም ደግሞ ስህተት አያጣም። ስህተቱ ሲገኝ አምራቹ አዲስ ፈርምዌር ያወጣል። እዚህ ድረስ ስልካችሁ «አፕዴት አለ» እያለ ሲነዘንዛችሁ ከምታውቁት ነገር አይለይም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ስልካችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ነው ያለው። ፋየርዎል ግን ፊቱን ለመላው ኢንተርኔት ሰጥቶ፣ አድራሻው ታውቆ፣ ሌሊትም ቀንም በር ላይ የቆመ ነው። ከቻይናም ከብራዚልም ማንም መጥቶ ሊያንኳኳው ይችላል።

ሌላም ነገር አለ፣ ብዙ ሰው የማያስተውለው። አምራቹ «ይህን ክፍተት ደፍኛለሁ» ብሎ ሲያውጅ ማስታወቂያውን የሚያነበው ደንበኛው ብቻ አይደለም። ሀከሩም ያነባል። አሮጌውንና አዲሱን ፈርምዌር ጎን ለጎን አስቀምጦ የተቀየረው የቱ ጋ እንደሆነ ይፈልጋል። የተቀየረው ቦታ ቀዳዳው የነበረበት ቦታ ነው። ስለዚህ አፕዴት በወጣ ማግስት ያላደሰ ድርጅት ከአፕዴቱ በፊት ከነበረው የባሰ አደጋ ላይ ነው፤ ምክንያቱም አሁን ቀዳዳውን ብዙ ሰው ያውቀዋል።

የቅርቡን ምሳሌ እንውሰድ። መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲስኮ ኤ.ኤስ.ኤ. በሚባሉት ፋየርዎሎቹ ላይ ሁለት ክፍተቶች እንዳሉና ሀከሮች አስቀድመው እየተጠቀሙባቸው እንደነበር አስታወቀ። የአሜሪካ መንግሥት የሳይበር ደህንነት መሥሪያ ቤት በዚያው ዕለት አስቸኳይ ትዕዛዝ አውጥቶ ለፌዴራል ተቋማት የሰጠው ጊዜ አንድ ቀን ነበር። ድጋፋቸው በወሩ መጨረሻ የሚያበቃ አሮጌ ሣጥኖችን በተመለከተ ደግሞ ያዘዘው አድሱ ብሎ አይደለም፤ ነቅላችሁ አውጡ ነው ያለው። በቀናት ውስጥ ኢንተርኔቱን የሚቃኙ ተመራማሪዎች ገና ያልታደሱ ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ ሣጥኖችን በዓለም ዙሪያ ቆጠሩ።

ነቅላችሁ አውጡ ያሰኘው ምን ነበር? አጥቂዎቹ በአሮጌዎቹ ሞዴሎች ላይ ፋየርዎሉ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራውን፣ ከፈርምዌሩም በታች ያለውን ፕሮግራም ቀይረውት ተገኙ። ብታጠፉት ብታበሩት፣ አዲስ ፈርምዌር ብትጭኑበት፣ እዚያው ናቸው። የኔዘርላንድስ ወታደራዊ የስለላ ድርጅትም በ2024 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ነገር ይፋ አድርጓል። ፎርቲጌት በሚባሉት የፎርቲኔት ፋየርዎሎች ውስጥ በ2022 እና በ2023 ቢያንስ 20 ሺህ ሣጥኖች በአንድ የስለላ ዘመቻ ተሰብረዋል፤ የተተከለው ፕሮግራም ከአፕዴት በኋላም ይኖራል፤ ኢላማ ከተደረጉት መካከል ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ይገኙበታል። ኔዘርላንድስ ጣቷን የቀሰረችው ወደ ቻይና ነው፤ ቤጂንግ እንዲህ ያለውን ክስ ሁሌም አትቀበልም። ለካዛንቺስ ግን የሚያሳስበው የማን መሆኑ ሳይሆን «ዓለም አቀፍ ድርጅቶች» የምትለዋ ቃል ናት።

ዘግይቶ ማደስ ለምን እንደማይበቃ ከዚህ ይታያል። ሌባው ከገባ በኋላ በሩን መቆለፍ ከሌባው ጋር ተቆልፎ መተኛት ነው። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ራሱን ቤልሰን ግሩፕ ብሎ የሚጠራ ቡድን ከ15 ሺህ በላይ የፎርቲጌት ሣጥኖችን ሙሉ አደረጃጀት፣ ከነይለፍ ቃሉ፣ በነፃ በተነ። መረጃው የተሰበሰበው በ2022 በነበረ ክፍተት ነው። ብዙዎቹ ድርጅቶች በመሃሉ አድሰው ይሆናል። ይለፍ ቃላቸውን ካልቀየሩ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ የቤታቸው ቁልፍ በሰው እጅ ነበር ማለት ነው።

«እኛን ማን ይፈልገናል?» የሚል ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። መልሱ፦ ተፈልገናል። ካስፐርስኪ የተባለው የሩሲያ የደህንነት ኩባንያ በ2017 እ.ኤ.አ. ባንክ ዘራፊውን ላዛረስ የተባለ ቡድን አስመልክቶ ባወጣው ሪፖርት፣ የቡድኑ ፕሮግራሞች በፋይናንስ ተቋማትና መሰል ድርጅቶች ውስጥ ከተገኙባቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያን ከኬንያና ከናይጄሪያ ጋር ዘርዝሯል። ላዛረስ ማለት በየካቲት 2016 እ.ኤ.አ. ከባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ 81 ሚሊዮን ዶላር ይዞ የጠፋው ነው። ያን ጊዜ ለማውጣት የሞከሩት አንድ ቢሊዮን የሚጠጋ ነበር፤ ያስቆማቸው አንዱ ነገር በማዘዣው ላይ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ተሳስተው መጻፋቸው ነው። የባንግላዴሽ ፖሊስ መርማሪ በኋላ ለሮይተርስ ሲናገር ባንኩ ፋየርዎል እንዳልነበረው፣ ኮምፒውተሮቹንም ያገናኘው በ10 ዶላር በተገዙ ያገለገሉ ስዊቾች እንደነበር ገልጿል። ማዕከላዊ ባንክ ነው እንግዲህ።

በሰኔ 2012 ዓ.ም. ደግሞ፣ የሕዳሴው ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት፣ መቀመጫቸውን ግብፅ ያደረጉ ቡድኖች በመንግሥት ድረ ገጾች ላይ ተከታታይ ጥቃት መክፈታቸውን የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት መሥሪያ ቤቱ፣ በአጭሩ ኢመደአ የምንለው፣ አስታውቆ ነበር። ሳይበር ሆረስ የሚለውን ስም ያን ሰሞን ፌስቡክ ላይ ያላየ የለም። በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን፣ እዚሁ ከተማችን መሃል፣ የውስጥ ኔትወርኩ ተመታ።

ትንሽ ድርጅትስ? ቡና ላኪው፣ ባለ ሃያ ክፍል ፔንሲዮኑ? እነዚህን ማንም በስም አይፈልጋቸውም። ግን መፈለግም አያስፈልግም። ኢንተርኔቱን ከጫፍ ጫፍ እየቃኘ የትኛው አድራሻ ላይ የትኛው ሞዴል እንዳለ የሚመዘግብ ፕሮግራም አለ፤ የፍለጋ ድረ ገጽ ሆኖም ለማንም ክፍት ነው። ሀከሩ አሮጌውን ሞዴል ይጽፋል፣ ዝርዝሩ ይመጣለታል፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይሞክራል። የእናንተ ፔንሲዮን ካዛንቺስ ይሁን ካይሮ አያውቅም፣ አይገደውምም።

እሺ፣ ይህ ሁሉ ከታወቀ ለምን አይታደስም? «የአይቲው ልጅ ሰነፍ ስለሆነ» የሚለው የተለመደ መልስ ነው። የተለመደም የተሳሳተም። ራክ አጠገብ የሚውሉ ልጆችን ብትጠይቁ ነገሩ የሚጀምረው ከእነሱ ክፍል ሳይሆን ከግዥና ፋይናንስ ክፍሉ ነው።

ፋየርዎል ሲገዛ ሁለት ነገር ነው የሚገዛው። አንዱ ሣጥኑ ነው። ሌላው በየዓመቱ የሚታደስ የድጋፍ ላይሰንስ ነው። ብዙዎቹ አምራቾች ላይሰንሱ ካልታደሰ አዲሱን ፈርምዌር ማውረጃ ገጽ አይከፍቱም። የእኛ የግዥ ባህል ደግሞ የሚያውቀው ሣጥኑን ነው። ሣጥን ይታያል፣ ይቆጠራል። በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል፣ የንብረት ቁጥር ይለጠፍበታል፣ ኦዲተር ሲመጣ «አለ» ይባላል። ላይሰንስ ግን የት ይለጠፋል? ሣጥኑ ከካፒታል በጀት ይገዛል፣ እድሳቱ ከመደበኛ በጀት ይጠየቃል፣ መደበኛው በጀት ለነዳጅና ለውሎ አበል እንኳ አልበቃም። ሰኔ ላይ በጀት ሳይመለስ ለመጨረስ በሚደረገው ሩጫ የተገዛ ፋየርዎል ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ዶላሩ ይመጣል። ላይሰንስ በብር አይገዛም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት የነበረው ችግር ምንዛሬ የለም፣ ተራ ጠብቁ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ብሩ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። በ2015 የሦስት ዓመት ላይሰንስ የገዛ መሥሪያ ቤት ለእድሳት ሲመለስ የዶላር ዋጋው ባይጨምር እንኳ የብሩ ደረሰኝ ያስደነግጠዋል። «ሣጥኑ ይሠራ የለም እንዴ? መብራቱ በርቷል» የሚለው የሥራ አስኪያጅ ጥያቄ የሚመጣው ያኔ ነው። መብራቱ በእርግጥ በርቷል። አንዳንዱ ድርጅት ጭራሽ ይህን ዙር ለመዝለል ከውጭ በሻንጣ የገባ፣ በሌላ ድርጅት ስም የተመዘገበ ያገለገለ ሣጥን ይገዛል። ይህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚጠይቅለት የሌለው ዘበኛ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ፍርሃት ነው፤ እኔ እንደሚመስለኝ ከዶላሩ ያልተናነሰ ከባድ ምክንያት። ፈርምዌር ሲቀየር ሣጥኑ ጠፍቶ ይነሳል። ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው፤ ነገር ግን በነዚያ ደቂቃዎች መሃል መብራት ከሄደና የዩፒኤሱ ባትሪ ካረጀ፣ ሣጥኑ ላይነሳ ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ መብራት እንደማይሄድ ዋስትና የሚሰጥ ሰው ካለ ይምጣ። ጠዋት ኢንተርኔት ከሌለ የሚጠራው ያ ልጅ ነው። ሳይታደስ ቀርቶ ከሁለት ዓመት በኋላ ድርጅቱ ቢሰረቅ ግን ልጁ ሌላ መሥሪያ ቤት ገብቷል። በዚህ ሒሳብ አለማደስ ለሠራተኛው ብልህነት ነው።

ፍርሃቱ መሠረት የለውም ደግሞ አይባልም። መጋቢት 6 ለ7 ሌሊት፣ 2016 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ሒሳባቸው ላይ ከሌለ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ። የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ኤቲኤም ጋ የነበረውን ሰልፍ፣ በኋላም «መልሱ» የሚለውን ማስታወቂያ ታስታውሳላችሁ። ያ የሳይበር ጥቃት አልነበረም። ባንኩም ብሔራዊ ባንክም ያሉት በሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ወቅት የተፈጠረ ችግር ነው። ያ ሌሊት ለብዙ የአይቲ ክፍል የተወው ትምህርት «ሳትፈትሹ አታድሱ» መሆን ሲገባው፣ በየቢሮው የቀረው «አትነካኩ» የሚለው ነው። ሁለቱ በጣም የተለያዩ ናቸው። የሳጥኑን አደረጃጀት ኮፒ አስቀምጦ፣ ዩፒኤሱን ፈትሾ፣ እሑድ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከሥራ አስኪያጅ የተፈረመ ወረቀት ይዞ ማደስ ይቻላል። ወረቀቱ ዋናው ነው። ኃላፊነቱን ከልጁ ትከሻ ላይ ያወርደዋል።

ገንዘብ የለም ለሚለውም ቢሆን በነፃ የሚሆን ነገር አለ። አብዛኞቹ ትልልቅ ክፍተቶች የሚበዘበዙት በሁለት በሮች በኩል ነው፤ ፋየርዎሉን ማዘዣ ገጽ ከውጭ ኢንተርኔት ክፍት ሲሆን፣ እንዲሁም ሠራተኞች ከቤት የሚገቡበት ቪ.ፒ.ኤን. በዚያው ሣጥን ላይ ሲሠራ። የመጀመሪያውን መዝጋት አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ቪ.ፒ.ኤኑን የሚጠቀምበት ሰው ከሌለ እሱንም ማጥፋት እንደዚያው። ሲስኮ ደግሞ ለከባድ የደህንነት ክፍተቶች የድጋፍ ኮንትራት ለሌለው ደንበኛም ቢሆን ጠይቆ ማስተካከያውን የሚያገኝበት መንገድ አለው። ይህን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ዕድሜው ላለፈ ሞዴል ግን ይህም አይሠራም፤ ለሱ የሚሆነው መቀየር ብቻ ነው፣ ካልሆነም ከፊት ከማዕረጉ ማውረድ።

እናንተስ ከስልካችሁ ሆናችሁ ምን አገባችሁ? በሕግ አግብቷችኋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ መረጃችሁን የያዘ ድርጅት የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ጥሰት ሲደርስም በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው፣ ማለትም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፣ ማሳወቅ አለበት። እስካሁን ግን ሆቴል መታወቂያችንን ሲቀበለን «የት ነው የምታስቀምጡት?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ብርቅ ነው። ቀላል ጥያቄ ነው፤ ኮፒው ወረቀት ላይ ነው ወይስ ኮምፒውተር ውስጥ? ለስንት ጊዜ ይቆያል? መልስ የሌለው ድርጅት ስለ ፈርምዌርም መልስ አይኖረውም። በነገራችን ላይ ቤታችሁ ያለው የዋይፋይ ራውተርም የዚሁ ቤተሰብ ታናሽ ወንድም ነው። ከጀርባው የተለጠፈውን ይለፍ ቃል ጎረቤት ሁሉ ካወቀው፣ ዛሬ ማታ ቀይሩት።

አንድ የቀረ ነገር አለ፣ ከካዛንቺስ መፍረስና መሠራት ጋር የሚገናኝ። ቢሮ ሲነሳ ዕቃ ይወጣል። ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ አሮጌው ራክ ከነሣጥኑ ለደላላ ይሸጣል። ኢሴት የተባለው የስሎቫኪያ የደህንነት ኩባንያ በ2023 እ.ኤ.አ. ይፋ ላደረገው ጥናት ከገበያ 18 ያገለገሉ የድርጅት ራውተሮችን ገዝቶ ነበር። ከፍቶ ሊያነባቸው ከቻላቸው 16ቱ መካከል ዘጠኙ ውስጥ የቀድሞ ባለቤታቸው ሙሉ አደረጃጀት ሳይጠፋ ተገኘ። የገዛው ኩባንያ ሀከር ባይሆንም፣ ቀጣዩ ገዢ ማን እንደሚሆን ሻጩ አይመርጥም። መርካቶ ወይም ቦሌ ባሉ የኮምፒውተር ሱቆች መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ያገለገለ ፋየርዎል የማን ቢሮ በር እንደነበር ከውጭ አይታይም፤ ሰክቶ ለሚያበራው ግን የድርጅቱን ስም ራሱ ሊነግረው ይችላል። ከመሸጡ በፊት ወደ ፋብሪካ ይዘቱ ለመመለስ የሚፈጀው ጊዜ ማኪያቶ ታዝዞ እስኪመጣ ያለውን ያህል ነው።